ጎዴ የሚገነባው የሃይድሮጅን ፋብሪካም ነው፤ ማን ሊሠራበት ነው?

እስቲ በጥያቄ እንጀምር። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ግዙፍ የሃይድሮጅን ማምረቻ የት ሊገነባ ነው? አንዳንዱ "ሕዳሴ ግድብ አጠገብ ይሆናል" ይላል። ሌላው "እኛ ደግሞ ምን ሃይድሮጅን አለን?" ብሎ ይስቃል። መልሱ ጎዴ ነው። ሶማሌ ክልል፣ ዋቢ ሸበሌ ወንዝ ዳር።

"ኧረ እዚያ የሚገነባው የማዳበሪያ ፋብሪካ ነው" ካላችሁ ልክ ናችሁ። ግን የዩሪያ ፋብሪካ ሆዱ ሲከፈት ውስጡ ያለው የሃይድሮጅን ፋብሪካ ነው። ይህን ማወቅ ለምን ይጠቅማል? ምክንያቱም ዓለም "የሃይድሮጅን ኢኮኖሚ" እያለ በየኮንፈረንሱ የሚያወራለት ነገር እኛ ጋ በሌላ ስም፣ ያለ ብዙ ወሬ እየመጣ ነው። ጥያቄው ፋብሪካው ሲቆም ማን ያንቀሳቅሰዋል የሚለው ነው። የጎዴና የቀብሪ ደሃር ልጆች ኮንትሮል ሩም ውስጥ ይቀመጣሉ ወይስ በር ላይ በጥበቃነት ይቆማሉ?

ይህ ጥያቄ ዛሬ ካልተመለሰ ፋብሪካው ሲመረቅ ለመመለስ ይረፍዳል። ለምን እንደሚረፍድ በቁጥር እናያለን።

መጀመሪያ የምናውቀውን እንያዝ

ነሐሴ 22 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ እና የናይጄሪያው ዳንጎቴ ግሩፕ በጎዴ የዩሪያ ፋብሪካ ለመገንባት ተፈራረሙ። የፕሮጀክቱ ዋጋ 2.5 ቢሊዮን ዶላር ነው። ድርሻው 60 በመቶ የዳንጎቴ፣ 40 በመቶ የኢትዮጵያ። አቅሙ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ። ጋዙ የሚመጣው እዚያው ሶማሌ ክልል ካሉት ከካሉብና ከሂላላ ነው። መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ። ለግንባታው የተያዘው ጊዜ 40 ወር ነው።

ለምን እንደሚያስፈልግ ለማስረዳት ብዙ መድከም የለብኝም። አገራችን የምትጠቀመው ማዳበሪያ ከውጭ በዶላር ተገዝቶ፣ በጅቡቲ ወደብ ገብቶ፣ በመኪናና በባቡር ተጓጉዞ ነው ገበሬው እጅ የሚደርሰው። በአንዳንድ ዓመታት ወጪው 1 ቢሊዮን ዶላር አልፏል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የአማራ ክልል ገበሬዎች ማዳበሪያ አጣን ብለው ሰልፍ መውጣታቸውን ታስታውሳላችሁ። መሬቱ ታርሶ፣ ዝናቡ መጥቶ፣ ማዳበሪያው መንገድ ላይ ነው ማለት ምን ማለት እንደሆነ የገበሬ ልጅ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

ስለዚህ የዩሪያ ፋብሪካ ይሠራ አይሠራ የሚለው ክርክር እዚህ ጽሑፍ ውስጥ የለም። እዚህ ያለው ክርክር ስለ ሰው ነው።

ዩሪያ ውስጥ ሃይድሮጅን ምን ይሠራል?

ነገሩ እንዲህ ነው። የተፈጥሮ ጋዝ፣ ማለትም ሚቴን፣ ካርቦንና ሃይድሮጅን ነው። ጋዙን ከውሃ እንፋሎት ጋር ቀላቅላችሁ ከ800 ዲግሪ በላይ በሚግል እቶን ውስጥ፣ ኒኬል ባለበት ካታሊስት ላይ ስታሳልፉት ሃይድሮጅኑ ይለያል። ካርቦኑ ደግሞ መጨረሻ ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል።

ቀጥሎ ሃይድሮጅኑ ከአየር ከተወሰደ ናይትሮጅን ጋር ከባድ ግፊት ባለበት፣ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ይገናኝና አሞኒያ ይሆናል። መጨረሻ ላይ አሞኒያው ቀድሞ ከወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋህዶ ዩሪያ ይሆናል። ያቺ በየማሳው የምትበተነው ነጭ ፍሬ ማለት ነው።

ሂሳቡን እንሥራው። 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ ለማምረት ወደ 1.7 ሚሊዮን ቶን አሞኒያ ያስፈልጋል። ለዚያ አሞኒያ ደግሞ ወደ 300 ሺህ ቶን ሃይድሮጅን። በየዓመቱ! ዓለም በሙሉ በ2023 እ.ኤ.አ. የተጠቀመው ሃይድሮጅን ወደ 97 ሚሊዮን ቶን ነበር። አብዛኛው የገባው ነዳጅ ማጣሪያና ማዳበሪያ ውስጥ ነው እንጂ ቪዲዮ ላይ የምናያቸው የሃይድሮጅን መኪኖች ውስጥ አይደለም። ስለዚህ ጎዴ በሙሉ አቅሟ ብትሠራ ከዓለም ሃይድሮጅን 0.3 በመቶ ገደማ ታመርታለች። ለአንድ ከተማ ይህ ቀላል አይደለም።

"ለምን ከሕዳሴ አንሠራውም?"

ይህ ጥያቄ ኮሜንት ላይ እንደሚመጣ ስለማውቅ አሁኑኑ እንመልሰው። ውሃን በኤሌክትሪክ ሰንጥቆ ሃይድሮጅን ማውጣት ይቻላል። "አረንጓዴ ሃይድሮጅን" የሚባለው እሱ ነው። ጋዝ አይነካም፣ ጭስ የለውም።

ግን 1 ኪሎ ሃይድሮጅን ከውሃ ለማውጣት ወደ 50 ኪሎዋት ሰዓት መብራት ይበላል። 300 ሺህ ቶን ማለት 300 ሚሊዮን ኪሎ ነው። ሲባዛ 15 ቢሊዮን ኪሎዋት ሰዓት፣ ወይም 15 ሺህ ጊጋዋት ሰዓት ይሆናል። ሕዳሴ ግድብ በአማካይ በዓመት ያመነጫል ተብሎ የሚጠበቀው ስንት ነው? ወደ 15 ሺህ 700 ጊጋዋት ሰዓት።

ልብ በሉ። የጎዴን ሃይድሮጅን ብቻ በመብራት እንሥራ ብንል ሕዳሴን ሙሉውን፣ ከነመጨረሻው አምፖል ይወስደዋል ማለት ነው። ገና መብራት ያልገባላቸው ሚሊዮኖች ባሉበት አገር ይህ አይሆንም።

ደግሞ አፍሪካ ይህን ሞክራ አይታዋለች። ግብጽ አስዋን ላይ ኪማ የሚባል ፋብሪካ ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት የአባይን ውሃ መብራት ተጠቅሞ ሃይድሮጅን እያወጣ ማዳበሪያ ይሠራ ነበር። አዎ፣ አባይ ከስልሳ ዓመት በፊት ሃይድሮጅን ሠርቷል። በኋላ ግን ፋብሪካው ወደ ተፈጥሮ ጋዝ ዞረ። ዚምባብዌም ክዌክዌ ከተማ ላይ ሴብል ኬሚካልስ የሚባል ድርጅት ከ1970ዎቹ ጀምሮ በመብራት ሃይድሮጅን ያመርት ነበር። የመብራት እጥረትና ዋጋ ሲጠና በ2010ዎቹ አጋማሽ አቆመ። የሁለቱም ታሪክ የሚነግረን አንድ ነገር ነው፦ በውሃ ኃይል የሚሠራ ሃይድሮጅን የሚኖረው መብራቱ ሌላ ፈላጊ እስኪያገኝ ድረስ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ዩሪያ ካርቦን ይፈልጋል። ሃይድሮጅኑን ከውሃ ካወጣችሁ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ከሌላ ቦታ ማምጣት አለባችሁ። ስለዚህ የጎዴ ፋብሪካ በጋዝ መጀመሩ የሚገርም አይደለም። ንጹሕ ነው ማለት ግን አይደለም። ጋዝ አምላክ አይደለም፤ ያልቃል፣ አየሩንም ይበክላል። ወደዚህ እንመለሳለን።

ፕሮፌሰሩና መሐንዲሱ

አሞኒያ ከየት መጣ? ይህ ታሪክ ለኛ ክርክር ቁልፍ ነው።

ፍሪትዝ ሃበር የጀርመን ካርልስሩህ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነበር። ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ ከሃይድሮጅን ጋር የሚያዋህድ ትንሽ መሣሪያ ሠራ። ሐምሌ 1909 እ.ኤ.አ. የባስፍ ኩባንያ ሰዎች መጥተው አሞኒያው በጠብታ ሲወርድ አዩ። ላብራቶሪው ሥራውን ጨረሰ ማለት ነው?

አልጨረሰም። ካርል ቦሽ የተባለው የኩባንያው መሐንዲስ ትልቁን ሲሠራ የብረት ቱቦዎቹ እየፈነዱ አስቸገሩት። ሲመረመር ሃይድሮጅኑ በዚያ ግፊትና ሙቀት ብረቱ ውስጥ ገብቶ ካርቦኑን እየበላ ያደክመዋል። ይህን ችግር ፕሮፌሰሩ በትንሿ መሣሪያው አላየውም ነበር። ቦሽ ቱቦውን ሁለት ድርብ አድርጎ፣ ውስጡን በለስላሳ ብረት ሸፍኖ፣ የውጪውን በትናንሽ ቀዳዳዎች በስቶ ሃይድሮጅኑ እንዲያመልጥ አደረገ። ሌላው የኩባንያው ኬሚስት አልዊን ሚታሽ ደግሞ ርካሽ ካታሊስት ለማግኘት በሺዎች የሚቆጠሩ ሙከራዎችን አደረገ። በ1913 እ.ኤ.አ. ኦፓው ላይ የመጀመሪያው ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ከጠብታ እስከ ፋብሪካ አራት ዓመት ብቻ!

ዩኒቨርሲቲው ብቻውን ቢሆን ኖሮ አንድ ጥሩ ወረቀት ይወጣ ነበር። ኩባንያው ብቻውን ቢሆን ደግሞ ሐሳቡም አይኖርም። ሁለቱ የተገናኙት ደግሞ ሰነድ ፈርመው ፎቶ በመነሳት አይደለም። አንዱ ያላየውን ችግር ሌላው እያሳየው ነው።

የግሮኒንገን ትምህርት

አሁን ወደ ዛሬ እንምጣ። በሰሜን ኔዘርላንድስ ግሮኒንገን የሚባል አውራጃ አለ። በ1959 እ.ኤ.አ. ከአውሮፓ ትልቁ የጋዝ ክምችት የተገኘው እዚያ ነው። መንግሥት ከዚያ ጋዝ ባለፉት አሥርት ዓመታት ከ360 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ሰብስቧል። የሰበሰበው ግን ማዕከላዊው መንግሥት ነው። ለግሮኒንገን ሰው የደረሰው ምንድን ነው? የመሬት መንቀጥቀጥ። ጋዙ ሲወጣ ከሥር ያለው አለት እየተደፈጠጠ መሬቱ መናወጥ ጀመረ። በ2012 ሁይዚንገ መንደር ላይ በሬክተር 3.6 የደረሰ ተከሰተ። በርካታ ቤቶች ተሰነጠቁ። በ2023 የወጣው የፓርላማ ምርመራ የሕዝቡ ጥቅም ለዓመታት ችላ መባሉን በግልጽ አስቀመጠ። በዚያው ዓመት ጥቅምት 1 ምርት ቆመ።

ሰዎቹ ጋዙ ከመዘጋቱ በፊት አንድ ብልህ ነገር አደረጉ። "ጋዝ ቢያልቅ ምን ይቀረናል?" ብለው ጠየቁ። ያላቸው ነገር ቱቦ፣ ወደብ፣ የኬሚካል ፋብሪካዎች፣ እና ጋዝ የሚያውቅ ሰው ነው። ስለዚህ ወደ ሃይድሮጅን ዞሩ። በ2020 ሄቨን የተባለ ፕሮጀክት ጀመሩ። የአውሮፓ ኅብረት 20 ሚሊዮን ዩሮ ረዳው፤ ወደ 30 የሚሆኑ ድርጅቶች ገቡበት። ኩባንያ፣ ከተማ አስተዳደር፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ሁሉም በአንድ ጠረጴዛ። ሃንዜ የተባለው የተግባር ዩኒቨርሲቲያቸው ኤንትራንስ የሚባል የሙከራ ቦታ አለው። ኩባንያው መሣሪያውን ያመጣል፣ ተማሪው ይፈታል፣ ይገጥማል፣ ይለካል። ተማሪው ሲመረቅ መሣሪያውን ያውቀዋል።

ነገሩ ሁሉ ሰምሯል ልላችሁ አልፈልግም። በአውሮፓ የተወሩት ትልልቅ የአረንጓዴ ሃይድሮጅን ፕሮጀክቶች ብዙዎቹ ዘግይተዋል፤ አንዳንዶቹ ተሰርዘዋል። ዋናው ምክንያት አንድ ነው፦ በዚያ ዋጋ የሚገዛ ጠፋ። ሃይድሮጅኑን የሚገዛ ሰው ሳይያዝ ማምረቻ መገንባት አይቻልም።

እዚህ ላይ እኛ በአንድ ነገር እንበልጣቸዋለን። የኛ ገዥ የታወቀ ነው። ገበሬው ነው። እነሱ ሰው አላቸው ገዥ የላቸውም፤ እኛ ገዥ አለን ሰው የለንም።

ሰዓቱ እየቆጠረ ነው

ከመስከረም 2018 ተነስታችሁ 40 ወር ቁጠሩ። ጥር 2021 ዓ.ም. ላይ ያርፋል። አሁን አስቡት። በ2018 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የገባ የኬሚካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ አምስት ዓመት ተምሮ የሚመረቀው በ2022 መጨረሻ ነው። ፋብሪካው በጊዜው ካለቀ ልጁ ከአንድ ዓመት በላይ ዘግይቶ ይደርሳል። በጊዜው ሊደርሱ የሚችሉት በ2018 ቢያንስ ሦስተኛ ዓመት ላይ የነበሩት ናቸው። እነሱ ደግሞ አሁን የሚማሩት አጠቃላይ ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ነው እንጂ አሞኒያ አይደለም።

የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኝ አጭር ጊዜ ይወስዳል። ግን የዩሪያ ፋብሪካ የሚፈልገው ተራ ብየዳ አይደለም። ከፍተኛ ግፊት የሚችል፣ በኤክስሬይ ተፈትሾ የሚያልፍ ብየዳ ነው። የሚፈልገው ተራ ኤሌክትሪሺያን አይደለም። ሴንሰርና ቫልቭ የሚያናብብ የኢንስትሩመንቴሽን ባለሙያ ነው። ሃይድሮጅን ሲነድ ነበልባሉ በቀን ብርሃን አይታይም። አሞኒያ ሲያመልጥ ሳንባ ያቃጥላል። ይህን ሥራ "ሲሠሩ ይለምዱታል" ብሎ መጀመር በሰው ሕይወት መጫወት ነው።

ሰው ካልተዘጋጀ ምን ይሆናል? ምሳሌው ቤታችን አለ። የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር መደበኛ ሥራ የጀመረው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። የማስኬዱ ሥራ ለቻይና ኩባንያዎች በኮንትራት ተሰጠ። ኃላፊነቱ ወደ ኢትዮጵያና ጅቡቲ ባለሙያዎች ሙሉ በሙሉ የተላለፈው በ2024 ነው። ስድስት ዓመት! ባቡሩ የኛ ነበር፣ መሪው ግን የኛ እጅ ላይ አልነበረም። ባለሙያዎቹ ቀስ በቀስ ተምረው መረከባቸው የሚያኮራ ነው። ግን ስልጠናው ሐዲዱ ሲነጠፍ አብሮ ቢጀመር ኖሮ ያ ስድስት ዓመት ያጥር ነበር።

"ትስስር" የሚባለው ነገር

በወረቀት ደረጃ ችግር የለብንም። የዩኒቨርሲቲ ኢንዱስትሪ ትስስር የሚል ቢሮ በየዩኒቨርሲቲው አለ። የኢንጂነሪንግ ተማሪ ሁሉ ኢንተርንሺፕ ይወጣል። ግን የወጣችሁ ታውቁታላችሁ። ብዙ ጊዜ ተማሪው ፋብሪካ ይሄዳል፣ "ምንም እንዳትነካ" ይባላል፣ አንድ ጥግ ይቀመጣል፣ የመገኘት ወረቀቱ ላይ ማኅተም ያስመታል፣ ሪፖርቱን ካለፈው ዓመት ተማሪ ያገኘዋል። ፋብሪካው ተማሪውን እንደ ሸክም ያየዋል። መምህሩ ራሱ ፋብሪካ ውስጥ ሠርቶ አያውቅም ይሆናል። ሁለቱም ወገን የጋራ መግባቢያ ሰነድ ይፈራረማሉ፤ ፎቶው ፌስቡክ ላይ ይለጠፋል፤ ያልቃል።

ይህ የሆነው ሰዎቹ ሰነፍ ስለሆኑ ነው ብዬ አላምንም። ፋብሪካው ከተማሪው ምንም ስለማይጠብቅ ነው። የቢራ ፋብሪካ ወይም የሲሚንቶ ፋብሪካ ቴክኖሎጂውን ገዝቶ ነው የሚያመጣው። ሲበላሽ ሻጩን ይደውላል። ዩኒቨርሲቲውን ምን ብሎ ይጠይቀዋል?

ጎዴ ግን ይለያል። ለምን? ሦስት ምክንያት አለኝ።

አንደኛ፣ ፋብሪካው ገና አልተሠራም። የተሠራ ፋብሪካ ውስጥ ገብቶ ቦታ መለመን ከባድ ነው። በግንባታ ላይ ያለ ግን ሰው መቅጠሩ የግድ ነው።

ሁለተኛ፣ 40 በመቶው የሕዝብ ነው። "የግል ኩባንያ ነው፣ ማስተማር ሥራው አይደለም" የሚል መከራከሪያ እሰማለሁ። ለ60 በመቶው ይሠራ ይሆናል። በ40 በመቶው ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ግን "የሰው ኃይል እቅዱ የታለ?" ብሎ መጠየቅ መብቱም ግዴታውም ነው።

ሦስተኛ፣ ዳንጎቴ ይህን አያውቅም ማለት አይቻልም። ናይጄሪያ ሌኪ ላይ በ2022 እ.ኤ.አ. የመረቀው የዩሪያ ፋብሪካ አቅሙ ከጎዴው ጋር አንድ ነው፣ 3 ሚሊዮን ቶን። ለነዳጅ ማጣሪያውም ፋብሪካው ሳይጀምር ወጣት ናይጄሪያውያን መሐንዲሶችን ወደ ሕንድ ልኮ አሠልጥኗል። ለራሱ አገር ልጆች ያደረገውን ለኛ ልጆች እንዲያደርግ መጠየቅ ብልግና አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

እኔ ኬሚካል ኢንጂነሪንግ አልተማርኩም። ግን ከላይ ያሉትን ታሪኮች ደርድሮ ላየ ሰው የሚቀጥለው እርምጃ ግልጽ ይመስለኛል።

የሥራ ዝርዝሩ ይውጣ። ፋብሪካው ስንት ኦፕሬተር፣ ስንት የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ስንት የከፍተኛ ግፊት ብየዳ ሠራተኛ፣ ስንት የደህንነት ባለሙያ ይፈልጋል? በየትኛው ዓመት? ይህ ዝርዝር ሌኪ ላይ አለ። ለጂግጂጋ ዩኒቨርሲቲ፣ ለቀብሪ ደሃር ዩኒቨርሲቲ፣ ለድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ እና በክልሉ ላሉ የቴክኒክ ኮሌጆች ይሰጣቸው። ምን እንደሚያስተምሩ የሚያውቁት ያኔ ነው።

መጀመሪያ መምህራኑ ይሂዱ። ተማሪ ከመላክ በፊት መምህራን ሌኪ ሄደው በፈረቃ ይሥሩ። የሌሊት ፈረቃ ጭምር። አንድ መምህር ተምሮ ሲመለስ በየዓመቱ ብዙ ተማሪ ያወጣል። አንድ ተማሪ ግን አንድ ተማሪ ነው።

የመለማመጃ መሣሪያ ክልሉ ላይ ይተከል። ኮንትሮል ሩሙን የሚመስል የኮምፒውተር ሲሙሌተር አለ፣ አውሮፕላን አብራሪ እንደሚለማመድበት ዓይነት። ኦፕሬተሩ ሺህ ጊዜ ቢሳሳት የሚፈነዳ ነገር የለም። ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር አንጻር ዋጋው እዚህ ግባ አይባልም።

ኢንተርንሺፑ ጥያቄ ይኑረው። "ሄደህ እይ" አይደለም። "የሸበሌን ውሃ ለእንፋሎት እንዲሆን አድርጎ ለማጣራት ምን ያህል ኬሚካል ይፈጃል?" የሚል ጥያቄ ነው። ወንዙ በክረምት ደለል ይዞ ይመጣል፣ በበጋ ይቀንሳል። ይህን ከጎዴ ልጅ በላይ ማን ያውቃል? ፋብሪካው መልሱን ስለሚፈልገው ተማሪውን ሸክም ነው አይልም።

የነገው ሃይድሮጅን ዛሬ ይጠና። ሙሉውን በመብራት መሥራት እንደማይቻል አይተናል። 1 በመቶውስ? 3 ሺህ ቶን ማለት ነው። በፀሐይ ለመሥራት በእኔ ግምት ወደ 85 ሜጋዋት የፀሐይ ኃይል ይጠይቃል። ቀላል አይደለም፤ ግን ቅዠትም አይደለም። ሶማሌ ክልል ደግሞ ፀሐይ አልቸገረውም። በጥቂት ኪሎዋት የሚጀምር ሙከራ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ይበቃዋል። በዚያ ሙቀትና አቧራ ኤሌክትሮላይዘር ስንት ዓመት ይቆያል የሚለውን ጥያቄ አውሮፓ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚመልስልን የለም።

"ፋብሪካው ባይሠራስ?"

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ተቃጥለናል። ያዩ ላይ በድንጋይ ከሰል ሊሠራ የነበረው የማዳበሪያ ፋብሪካ በሜቴክ ተጀምሮ ሳያልቅ ቀርቷል። ድሬዳዋ ላይ ከሞሮኮው ኦሲፒ ጋር በ2016 እ.ኤ.አ. ስምምነት ተፈርሞ ነበር፤ ማዳበሪያው አልመጣም። "እስኪ መጀመሪያ ይሠራ፣ ሰው በኋላ ይደርሳል" የሚል ሰው አይፈረድበትም።

ግን ይህ አስተሳሰብ ራሱ ወጥመድ ነው። ሕንፃው ቢቀር ኪሳራው የትየለሌ ነው። የሠለጠነ ሰው ግን አይባክንም። አሞኒያ የሚያውቅ ቴክኒሻን የቢራና የሥጋ ፋብሪካዎች የማቀዝቀዣ ክፍል ይፈልገዋል። የከፍተኛ ግፊት በያጅ ስኳር ፋብሪካ ይፈልገዋል። ኢንስትሩመንቴሽን የሚችል ልጅ ሲሚንቶ ቤት፣ መድኃኒት ቤት፣ የትም ይሠራል። እነ ያዩ ላይ ሰው ቀድሞ ሠልጥኖ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ እሱ ይተርፈን ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ እንነጋገር። እንዲህ ዓይነት ፋብሪካ ገንዘብ እንጂ ብዙ ሰው አይበላም። ሲገነባ ሺዎች ይሠሩበታል፤ ሥራ ሲጀምር ብዙዎቹ ይበተናሉ። ስለዚህ "ሁሉም የጎዴ ወጣት ይቀጠራል" የሚል ቃል የሚገባ ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት። ዘላቂው ሥራ ያለው ዙሪያው ነው። ጥገና፣ መለዋወጫ፣ ላብራቶሪ፣ ማሸጊያ፣ ትራንስፖርት። እነዚያን ወርክሾፖች የአካባቢው ልጆች ይከፍቷቸዋል ወይስ ከሌላ ቦታ ይመጣሉ የሚለው የሚወሰነው አሁን ማን ምን እየተማረ ነው በሚለው ነው።

ካሉብ ላይ ጋዝ መኖሩ የታወቀው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ግማሽ ክፍለ ዘመን ከመሬት በታች ጠበቀን። አንድ ቀን ደግሞ ያልቃል፣ እንደ ግሮኒንገን። ያኔ ክልሉ ላይ የሚቀረው ዝገት የበላው ቱቦ ብቻ ከሆነ ትርፉን ሌላ ሰው በላው ማለት ነው። ሃይድሮጅንን የሚያውቅ ትውልድ ከቀረ ግን ጋዙ ቢያልቅም በፀሐዩ ይቀጥላል።

ጂግጂጋ፣ ቀብሪ ደሃር፣ ጎዴ ወይም ድሬዳዋ የምትማሩ ካላችሁ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ወደ ዲፓርትመንታችሁ ሂዱ፦ "ለጎዴው ፋብሪካ እኛን ለማዘጋጀት ምን ታቅዷል?" መልስ ካገኛችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ዝም ካሏችሁም ጻፉልን፤ ዝምታውም ዜና ነው።